የሌለ ዕቃ አይበላሽም

የምኖረው ከብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ገባ ብሎ፣ መንገዱ ሽቅብ የሚወጣበት ቦታ ላይ ነው። አጥር የሚያዋስኑኝ ጋሼ ወጣትነታቸውን ጋራዥ ውስጥ፣ ቀሪ ዘመናቸውን የጭነት መኪና ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጥተው ጽጌረዳ ይኮተኩታሉ ይባላል እንጂ፣ የሰፈሩ መኪና ባስነጠሰ ቁጥር ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በራቸውን አንኳኳሁ።

እኔ፦ ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? በጠዋት አስቸገርኩዎት።

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግቢ። መኪናሽ ናት አይደል? ትናንት ማታ ስትገቢ ሽታዋ እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር።

እኔ፦ ፈላችብኝ። ከደብረ ማርቆስ ስመለስ፣ አባይ በረሃ ውስጥ። ራዲያተሩ ሞቷል መሰለኝ። ዛሬ ሶማሌ ተራ ሄጄ ሌላ ልገዛ ነው፤ ከመሄዴ በፊት ግን ምን ይሉኛል ብዬ ነው።

ጋሼ፦ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ «ኩላሊቴን ቀይሩልኝ» ነው እንዴ የምትዪው? መጀመሪያ ሕመሙን ንገሪኛ። የት ላይ ፈላች? ቁልቁለቱ ላይ፣ ድልድዩ ላይ፣ ዳገቱ ላይ?

እኔ፦ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ጎሃ ጽዮን ስወጣ። ዳገቱን ሳላጋምስ ጌጁ ቀዩ ውስጥ ገባ።

ጋሼ፦ ከተማ ውስጥስ?

እኔ፦ ከተማ ውስጥ ፈልታ አታውቅም። ባለፈው 19 እንኳ፣ የገብርኤል ዕለት፣ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሃያ ደቂቃ ቆሜያለሁ። ሞቅ አለች፣ ቬንትሌተሩ ተነሳ፣ ወዲያው ተመለሰች።

ጋሼ፦ በቃ፣ ግማሹን ነገርሽኝ። ቆማ የምትፈላ መኪና ነፋስ አጥታ ነው። ያኔ ቬንትሌተሩን ታያለሽ፣ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ ሽቦውን ታያለሽ። ያንቺ ግን ቆማ አልፈላችም። ዳገት ስትገፋ የምትፈላ ከሆነ ነገሩ ውሃው ጋ ነው። ወይ አንሷል፣ ወይ እንደሚገባው አይዞርም፣ ወይ ግፊቱን የሚይዝለት የለም፣ ወይ ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኗል። ልብ በይ፣ ራዲያተሩን መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ስትፈላ ምን አደረግሽ?

እኔ፦ ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁና ኮፈኑን ከፈትኩ። የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት ጨርቅ ስፈልግ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ሮጦ መጥቶ እጄን ያዘኝ።

ጋሼ፦ እግዜር ይስጠው። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ረዳት ነበር፤ ገና ልጅ። ... ተዪው። ያ ውሃ እንዲያ ግሎ ውሃ ሆኖ የቆየው በግፊት ስለታሰረ ነው። ክዳኑን የፈታሽ ጊዜ ሁሉም ባንዴ እንፋሎት ይሆንና ፊትሽ ላይ ይወጣል። ስንት ደቂቃ ልጠብቅ ብለሽ ሰዓት አትዪ፤ መዳፍሽን ክዳኑ ላይ አሳርፈሽ ማቆየት ስትችዪ ያኔ ትከፍቻለሽ። ሞተሩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አልደፋሽበትም?

እኔ፦ እሱንም ከለከለኝ። ይልቅ ትንሽ በረድ ስትል አስነሺና የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቺ አለኝ። በዚያ በረሃ!

ጋሼ፦ ልክ ነው። ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው፤ ከሞተሩ ላይ ሙቀት ቀንሶ ወደ አንቺ ያመጣዋል። ቴስታታ ከሚጣመም ሰው ቢያልበው ይሻላል። ቴስታታ ከተጣመመ ቶርኖ ቤት ወስደሽ ገጹን ማስላጥ ነው፣ ከተሰነጠቀ ደግሞ ከነጭራሹ መቀየር ነው። ነይ እንያት። አድራለች፣ ቀዝቅዛለች። ጥሩው ምርመራ ሁሉ የሚሠራው ጠዋት ነው።

ወጣን። ጋቢያቸውን አጥሩ ላይ ሰቀሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከመኪናዋ ሥር ጎንበስ ብለው አዩ፤ መሬቱ ደረቅ ነው።

ጋሼ፦ ሌላ ጊዜ ከጠረጠርሽ ማታ ካርቶን አንጥፊባት። ጠብታው ያረፈበትን ጠዋት ካርቶኑ ይነግርሻል። አሁን ከሁሉ በፊት ክፉውን እናስወጣ፤ የዘይት መለኪያውን ሳቢ። ምን ይመስላል?

እኔ፦ ጥቁር ነው። ትንሽ ቡኒ ቢጤ።

ጋሼ፦ ተመስገን። ማኪያቶ መስሎ ቢወጣ ኖሮ ወደ ቤቴ ነበር የምመለሰው። ዘይቱ ማኪያቶ መሰለ ማለት ውሃ ገብቶበታል፤ ብዙ ጊዜ የቴስታታው ጋርኒሽን ተቃጥሎ ነው። ጭሱም ነጭ ይሆናል፣ ራዲያተሩ ውስጥም ሞተሩ እየሠራ አረፋ ይቡለቀለቃል። ያ የቤት ሥራ አይደለም።

እኔ፦ ቴስታታ፣ ጋርኒሽን ... ይሄ ቋንቋ ሁሌም ይገርመኛል።

ጋሼ፦ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ቆይቶ ሄደ፤ ኮፈኑ ሥር ግን እስካሁን አለ። ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ። በአማርኛ የሚጠራውን ብትቆጥሪ ውሃና ዘይት ነው የሚተርፍሽ። ያችን ቺንጋ በጣትሽ ጫን አድርጊያት፤ ላልታለች?

እኔ፦ ጠንካራ ናት። ስንጥቅም የላት።

ጋሼ፦ እንግዲህ ክዳኑን ክፈቺ።

ከፈትኩት። ውሃው ከአፉ ሁለት ጣት ያህል ጎድሏል፤ መልኩ የቆየ ሻይ ነው።

ጋሼ፦ ኩላንት ጨምረሽ ታውቂያለሽ?

እኔ፦ የቧንቧ ውሃ ነው የምጨምረው። ኩላንት ለበረዶ አገር ነው፣ አዲስ አበባ ውሃ አይረጋም አሉኝ።

ጋሼ፦ ይሄን ያሉሽ ሰዎች ግማሽ እውነት ነግረውሻል። ከመርጋት ይጠብቃል፣ ያ እዚህ አያስፈልግሽም። እንዲያውም ሙቀት በመሸከም ንጹሕ ውሃ ይበልጠዋል። ግን ኩላንቱ ውስጥ ዝገት የሚከለክል መድኃኒት አለ፤ የመፍያውንም ነጥብ ከፍ ያደርጋል። የቧንቧ ውሃ፣ በተለይ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው፣ ማዕድን አለው። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ነጭ ቅርፊት አይተሻል? ያው ቅርፊት ነው ራዲያተሩ ውስጥ የሚጋገረው። በእሱ ላይ ዝገት ሲጨመርበት ይኸው ሻይ ሆነ። አሁን ክዳኑን ስጪኝ።

ክዳኑን አገላብጠው አዩት። ከሥሩ ያለው ጎማ ደርቆ፣ ጠርዙ ተበልቶ፣ አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ያን የምታህል መኪና ፈልታ እሳቸው ይህን የጣት ስፋት የማይሞላ ጎማ ሲያፈጥጡበት ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ ትንሽ ተሰላቸሁ።

እኔ፦ ይሄ እኮ ክዳን ነው ጋሼ። ውሃው እንዳይፈስ ነው።

ጋሼ፦ ክዳን ነው? እስቲ እትዬን ጥሪያት።

እትዬ ከኩሽና ወጡ፤ በእጃቸው የተላጠ ሽንኩርት ይዘዋል።

እትዬ፦ ምን ልርዳችሁ? መኪና አላውቅም።

ጋሼ፦ ሽንብራ ለመቀቀል ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል?

እትዬ፦ ሳይዘፈዘፍ? ቀኑን ሙሉ። ናዝሬት እህቴ ቤት ቶሎ ይበስላል፣ እዚህ እንቢ ይላል። ለዚህ አይደል ልጆቹ ፕሬዠር ኩከር የላኩልኝ።

ጋሼ፦ ሰማሽ? አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ባሕር ዳርቻ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እዚህ 92 አካባቢ ሲደርስ ነው የሚፈላው። ከዚያ በላይ እሳት ብትጨምሪ እንፋሎት ነው የሚበዛ፣ ውሃው አይግልም። ለዚህ ነው ሽንብራው የሚያስቸግራት። ሞተር ግን በደህና ቀኑ 90 ውስጥ ነው የሚኖረው። ያለ ግፊት ከሆነ አዲስ አበባ ውስጥ ጤነኛ ሞተርም ለመፍላት አፋፍ ላይ ነው ማለት ነው።

እትዬ፦ እንግዲያ ራዲያተራችሁ ፕሬዠር ኩከር ነዋ!

ጋሼ፦ በቃ፣ እሷ ገባት። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቢው።

እኔ፦ 0.9 ይላል።

ጋሼ፦ የከባቢው አየር ከሚጫነው በላይ 0.9 ባር ያህል ግፊት አምቆ ይይዛል ማለት ነው። ይህ ጎማ ጤነኛ ቢሆን እዚህ ሰፈር ውሃሽ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይደርስ አይፈላም ነበር። ጎማው ሲሰነጠቅ ተመልሰሽ 92 ላይ ነሽ። ሃያ ዲግሪ የሚያህል መጠባበቂያ በዚች ቁራጭ ጎማ ላይ ተንጠልጥሏል። አሁን አባይን አስቢው። ድልድዩ ጋ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ነው፤ ጎሃ ጽዮን ስትደርሺ ከ2,400 በላይ ነሽ። ሞተሩ ከምንጊዜውም በላይ የሚለፋው ዳገቱ ላይ ነው፤ በወጣሽ ቁጥር ደግሞ የመፍያው ነጥብ እየወረደ ይመጣል። ሁለቱ መሐል መንገድ ላይ ተገናኙብሽ።

እኔ፦ ክዳን ገዝቼ በቃኝ ማለት ነው?

ጋሼ፦ እኔ ሳላይ አልፈርድም። ውሃውን ሙዪና ክዳኑን ግጠሚው። አሁን አስነሺና ይቺን የላይኛዋን ቱቦ ያዢ። ቬንትሌተሩ ሳይነግርሽ ነው የሚነሳው፣ እጅሽን ከእሱ አርቂ። ምን ይሰማሻል?

እኔ፦ ምንም። ... ለብ ማለት ጀመረች።

ጋሼ፦ ስንት ደቂቃ ሆነሽ?

እኔ፦ ሁለት ቢሆነኝ ነው። እየሞቀች ነው፣ ቀስ በቀስ።

ጋሼ፦ ቀስ በቀስ። እሷን ቃል ነው የፈለግኳት። ቴርሞስታት ያለበት ሞተር ቱቦዋን ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ያቆያታል፤ ከዚያ በሩ ሲከፈት ድንገት ትግላለች። ያንቺ ገና ከመነሳቷ ውሃው ይሄዳል። ልጄ፣ ቴርሞስታትሽ የት ነው ያለው?

ዝም አልኩ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ ነበር ያወጣልኝ። ስሙ እዚህ ምን ያደርጋል? መካኒኩ ደግ ሰው ነው፤ ገንዘብም አልጨመረብኝም። «ይሄ የሚያስፈልገው ለአውሮፓ ነው፤ እዚህ ቢበላሽ ሞተር ያስነክስሻል። የሌለ ዕቃ አይበላሽም» አለኝ። ብልህ አነጋገር መስሎኝ ለስንት ሰው ነግሬዋለሁ።

ጋሼ፦ የሌለ ዕቃ አይበላሽም! አይሠራምም። እኔም ወጣት ሳለሁ ስንቱን አውጥቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት መንገድ ላይ ቢገጥምሽ አውጥተሽ ቤትሽ መግባት ነው፤ ያ ነፍስ አድን ነው። ጥፋቱ እንደወጣ ሲቀር ነው። ጠዋት ጌጁ ከሥር አልነሳ አይልሽም? ቤንዚንስ አልጨመረችም?

እኔ፦ ጨምራለች። እርጅና ነው ብዬ ...

ጋሼ፦ እርጅና አይደለም፣ ብርድ ነው። የቀዘቀዘ ሞተር ቤንዚን ይጨምራል፣ ብረቱም ቶሎ ይበላል። ይሄ ግን ቀላሉ ነው። ውሃው ሞተሩ ውስጥ ሁለት መንገድ አለው። ረጅሙ በራዲያተር በኩል ዞሮ ይመጣል፤ አጭሩ ከሞተሩ ወጥቶ እዚያው ወደ ፓምፑ ይመለሳል። ሞተሩ ሲነሳ ቴርሞስታቱ ረጅሙን ዘግቶ በአጭሩ ያዞረዋል፣ ቶሎ እንዲሞቅ። ሲሞቅ ረጅሙን ይከፍታል። አንዳንድ ሞተር ላይ፣ ቶዮታም ውስጥ ያለ ነው፣ ከቴርሞስታቱ ሥር ትንሽ ሰሃን አለች። በዚያው ግፊያ ወርዳ አጭሩን መንገድ ትደፍናለች። ቴርሞስታቱን ስታወጪ ሰሃኗም አብራ ወጣች።

እኔ፦ ስለዚህ አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ነው።

ጋሼ፦ ውሃ እንደ ሰው ነው፣ አቋራጭ ይወዳል። ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ፣ እንደጋለ ይመለሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ቀስ ብለሽ ስትሄጂ አይታወቅሽም። አባይ ላይ ግን ያ ያልቀዘቀዘው ውሃ ነው የገደለሽ። መኪናዋን ያቀዘቅዛታል ተብሎ የተደረገው ነገር አፈላት።

እትዬ፦ የድሮዋ ቮልስ ትሻል ነበር። ውሃም አትጠይቅ።

ጋሼ፦ ቮልስማ በነፋስ ነው የምትቀዘቅዘው፤ ራዲያተር የሚባል የላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ያወጧቸው በእሷ ነው። የዚያን ቀን ብዙ ነገር ፈልቷል፣ እሷ ግን አልፈላችም።

ሳቅን። እኔ ግን በልቤ ሌላ ነገር እያሰላሁ ነበር። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለችው ኮሮላ ምትክ የላትም፤ የቀረን ያለችውን ማቆየት ነው። የኤሌክትሪኩን ግዢ የሚሉኝ አሉ። ጋሼ ያንንም ሰምተው «የብዙዎቹ ባትሪም በኩላንት ነው የሚቀዘቅዘው፤ ከውሃ የት ትሸሺያለሽ?» አሉኝ።

ሶማሌ ተራ ሄጄ ስመለስ 7 ሰዓት ሆኗል። ክዳን፣ ቴርሞስታት ከነጎማው፣ አምስት ሊትር ኩላንት። ራዲያተር አልገዛሁም። ቴርሞስታቱ ቢጫ ብረት ነው፣ ከሥሩ «82» ተጽፎበታል፤ ሰሃኗም አለች።

ጋሼ፦ ልብሱ ነሐስ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ሰም አለ። ሰሙ ሲሞቅ ያብጥና በሩን ይገፋዋል። ሰምና ወርቅ ይሉሻል ይሄ ነው፤ እዚህ ግን ወርቁ ውጭ ነው፣ ሰሙ ውስጥ። እትዬ! ድስት!

እትዬ፦ የምን ድስት?

ጋሼ፦ ይቺን ልንቀቅላት ነው።

እትዬ፦ በሽሮ ድስቴ? አይሆንም! የውሃ ማፍያውን ውሰዱ።

ሳይገጠም መፈተን አለበት አሉ፤ አዲስም ቢሆን። በሩን በጥፍራቸው ፈልቀቅ አድርገው ክር አስገቡና ለቀቁት፣ ክሩን ነከሰው። በክሩ አንጠልጥለው፣ የድስቱን ሥር እንዳይነካ አድርገው ውሃው ውስጥ ሰደዱት።

እኔ፦ ቴርሞሜትር የለንም እኮ።

ጋሼ፦ ምን ያደርግልናል? አዲስ አበባ ውስጥ የሚንፈቀፈቅ ውሃ 92 ነው፤ ይሄው ቴርሞሜትርሽ። 82 የተጻፈበት ከመፍላቱ በፊት መከፈት መጀመር አለበት፤ ሲከፈት ክሩን ይለቅና ይወድቃል። ደግሞ ይሄን ያዢ። እስከ መጨረሻው የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው፤ በክፍት ድስት እዚያ አንደርስም። ስንቱ ሰው «ሙሉ በሙሉ አልከፈተም» ብሎ ጤነኛውን ጥሎታል። 88 የተጻፈበት ቢሆንማ ውሃው እየፈላ ገና አፉን ማሾለቅ ነው የሚጀምረው።

ውሃው ዙሪያውን ጥቃቅን አረፋ ያዘ። ከመንፈቅፈቁ በፊት፣ ጠብ። ክሩ ባዶውን እጃቸው ላይ ቀረ።

የቀረው ጊዜ የፈጀው አሮጌውን ውሃ ማውጣትና ማጠብ ነው። ሁለት ጊዜ አጠብናት፣ ሁለተኛው ጥርት ብሎ ወጣ። ኩላንቱን ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ስደባልቅ ጋሼ የግቢያቸውን ውሻ አሰሩት፤ ኩላንት ይጣፍጣል፣ መርዝ ነው፣ ውሻ ደግሞ የጣፈጠውን አይመረምርም። ከዚያ መኪናዋን መንገዱ ላይ አውጥተን አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አዞርናት።

ጋሼ፦ አየር ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ክዳኑ ከሁሉ ከፍ ብሎ ይቁም፣ ማሞቂያውን ክፈቺ፣ ቀስ እያልሽ ሙዪ። የታሰረ አየር ካለ የሠራነው ሁሉ ከንቱ ነው። ይቺ ዳገት ዛሬ ጠቀመችን።

ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሞተሩ እየሠራ ጠበቅን። አረፋ ወጣ፣ ውሃው ዝቅ አለ፣ ጨመርኩ። የላይኛዋን ቱቦ ያዝኩ፤ ቀዝቃዛ። አምስት ደቂቃ፣ ቀዝቃዛ። ከዚያ ድንገት ጋለች፣ እጄን አነሳሁ። ጋሼ ምንም አላሉም፣ አዲሱን ክዳን አቀበሉኝ። ትንሽ ቆይቶ ቬንትሌተሩ ተነሳ፣ ዞረ፣ ቆመ። ጌጁ መሐል ላይ ነው። ሞተሩን አጥፍቼ፣ የቬንትሌተሩን ሶኬት ነቅለን፣ በመዳፋቸው የራዲያተሩን ፊት ዳበሱት። የተደፈነ ቦታ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል አሉ፤ ከታች ከግራ ማዕዘኑ በቀር ሁሉም ሞቋል።

እኔ፦ ማዕዘኑስ?

ጋሼ፦ ትንሽ ደለል አለው። ለጊዜው ያዘልቃል። ነገ ጠዋት ቀዝቅዛ ሳለ ከፍተሽ ልኩን እዪ፣ ከጎደለ ሙዪ። ሶኬቱን መልሺ፣ እንዳትረሺ። ለአባይ ግን ገና አልምልልሽም፤ መጀመሪያ እንጦጦን ውጪባት።

እትዬ፦ (ከበሩ ሆነው) የውሃ ማፍያዬስ? በዚያ ቡና ላፈላበት ነው?

እኔ፦ አዲስ እገዛልዎታለሁ፣ እትዬ።

እትዬ፦ አዲስ አልፈልግም። እጠቢና መልሺ።